ከአፈር የሚወጣው አየር

የያዙኝ ማሳ ውስጥ ተንበርክኬ ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር ጥቁሩ መረሬ አፈር ጉልበቴን ይዞ አልለቅ ብሏል። በግራ እጄ ነጩን የፕላስቲክ ክዳን ደግፌ፣ በቀኜ ክዳኑ አናት ላይ ባለችው ጎማ ውስጥ መርፌ ሰክቼ አየር እየሳብኩ ነበር። ቀና ስል ነጭ ፒክአፕ መንገዱ ዳር ቆሟል። ሲቪል የለበሱ ሰዎች ስንዴውን እየረገጡ ወደ እኔ ይመጣሉ። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ነገር ዛሬም ይገርመኛል።

«እባካችሁ በመስመሮቹ መሃል ሂዱ» አልኳቸው።

ቀድሞ የደረሰው ሰው ቁልቁል አየኝ።

«መርፌው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«አየር ነው።»

«የምን አየር?»

«ከአፈር የሚወጣ።»

ዞሮ ጓደኛውን አየው። ከዚያ መርፌውን ከእጄ ወሰደና ፊቱን አዙሮ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ በሁለት ጣቱ አርቆ ያዘው።

ማሳው ከመቀሌ በስተሰሜን፣ ወደ ውቅሮ የሚወስደው መንገድ ከቤቶቹ መሃል ወጥቶ ከእርሻ ጋር የሚገናኝበት አካባቢ ነው። እኔ ያደግሁት አሰላ ነው፤ መቀሌ የመጣሁት በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ነበር። የአፈር ትምህርት ነው ሙያዬ። ገበሬ ዩሪያ ሲበትን በውስጡ ያለው ናይትሮጂን ሁሉ ለሰብሉ አይደርስም። ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ከፊሉ ደግሞ አፈሩ ውሃ ጠግቦ ሲታፈን ወደ ሌላ ጋዝ ይለወጥና ይወጣል። ይህኛው አይታይም፣ አይሸትም፤ ግን ምድርን ከሚያሞቁት ጋዞች አንዱ ነው። ማዳበሪያውን ከፋፍሎ በመስጠት፣ ደግሞም ከላይ ከመበተን ይልቅ አፈር በማልበስ ይህን ብክነት መቀነስ ይቻል እንደሆነ ነበር የምለካው። ለዚህም ነው ነጫጭ ክዳኖቹን ስንዴው መሃል የተከልኳቸው። ከመንገዱ ላሉ ሰዎች ምን እንደሚመስሉ አስቤው አላውቅም ነበር።

የማሳው ባለቤት በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞተ ወዲህ እርሻውን የያዙት እሳቸው ናቸው። አካባቢው ሁሉ እንደሚጠራቸው እኔም አደይ እላቸው ነበር፤ እናቴ ማለት ነው። በወጣትነታቸው ደሴ ስለኖሩ አማርኛቸው ጥሩ ነው። ያን ቀን አረም ሊነቅሉ መጥተው ነበርና ሰዎቹ እሳቸውንም ከነጭቃቸው ፒክአፑ ላይ አወጧቸው። መኪናው ሲነሳ አደይ ዞር ብለው ማሳውን አዩ።

«ሁለተኛው ዩሪያ ሳይገባ» አሉ።

ሰው ሰውን የሚጠራጠርበት ክረምት ነበር። አንድ መንገደኛ «ስንዴው ውስጥ ጋዝ የሚቀብሩ አሉ» ብሎ ጠቁሞ እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው።

ያስገቡን ክፍል በፊት ዕቃ ቤት የነበረ ይመስለኛል። ግድግዳው ድንጋይ ነው። ያለው አንድ መስኮት ቆርቆሮ ተመትቶበታል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ጨለማው ሳይሆን አየሩ ነበር። ዓይኔን ቆነጠጠኝ፣ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ጥጉ ላይ ከወገቡ የተቆረጠ ሰማያዊ በርሜል ቆሟል። ሽንታችንን እዚያ ነው የምናጠራቅመው። የሚደፋው ጠዋት ብቻ ነው።

አሞኒያውን ወዲያው ለየሁት። ይህን ሽታ ላቦራቶሪ ውስጥ በደንብ አውቀዋለሁ። እዚያ ግን መስኮት እንከፍታለን።

ከእኛ በፊት የገቡ ጥቂት ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንዷ ብቻ በሩ ሥር ተኝታለች፤ አፍንጫዋን በሩና መሬቱ መሃል ወዳለው ክፍተት አስጠግታ። ከመቀሌው ሓድነት ሰፈር የመጣች ልብስ ሰፊ ነበረች። ለአንድ ሰልፍ የሚሆን ጨርቅ ሰፍታለች ተብላ ነው የተያዘችው። አስም አለባት። ወደ አፍ የሚነፋውን መድኃኒቷን መግቢያው ላይ ከቦርሳዋ ጋር ወስደውባታል። በሩ ሥር ያለው ቦታ የእሷ እንዲሆን ሴቶቹ ተስማምተው ሰጥተዋታል።

«ግቡ፣ ግቡ» አለችን በትግርኛ፣ ሳትነሳ። «መራመድ ትችላላችሁ። እኔን ብቻ አትርገጡኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ተጠራሁ።

መርማሪው ትሑት ሰው ነበር። አልጮኸብኝም፣ አልመታኝም። ወንበር ሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ መርፌዎቼና ናሙና የያዙት ትንንሽ ብልቃጦች ተደርድረዋል። ቡሾቻቸው ተነቅለዋል። የክረምት ሥራዬ በሙሉ ወጥቶ ከክፍሉ አየር ጋር ተቀላቅሏል። እሱ ይህን አላወቀም፤ እኔም አልነገርኩትም።

«ይሄ ወዴት ነው የሚላከው?»

«ወደ ውጭ አገር። መለኪያው መሣሪያ እዚህ የለም።»

«የእኛን አየር ወደ ውጭ ትልኪያለሽ።»

«ትንሽ ናሙና ነው።»

«መርዝ ነው?»

«አይደለም። ከማሳ የሚወጣው ሰውን አይጎዳም። ጉዳቱ ለአየር ንብረት ነው። እንዲያውም ሐኪሞች ለማደንዘዣ ይጠቀሙበታል፤ የሚያስቅ ጋዝ ይሉታል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለምን እንደጨመርኳት አላውቅም። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ተማሪዎቹን የማነቃበት ነገር ነው። መርማሪው እስኪርቢቶውን አስቀመጠ።

«የሚያስቅ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ የምስቅ እመስልሻለሁ?»

«አይ።»

ከዚያ ብልቃጦቹን በክንዱ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፋቸው፤ ከመጀመሪያውም ጉዳዩ እንዳልነበሩ ሁሉ።

«አንቺ የተማርሽ ሰው ነሽ። የዚህ አገር ልጅም አይደለሽም። እዚህ የምትቆይበት ምክንያት የለም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝና ወላጆችሽ ጋ ትሄጃለሽ። የሴትዮዋ ልጅ ማሳው ድረስ ይመጣል። አይተሽዋል። መቼ ይመጣል? ከማን ጋር?»

የመጡበት ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። የአደይ ልጅ አንድ ስብሰባ ላይ በተናገረው ነገር እንደሚፈለግ ሰምቼ ነበር። አይቼዋለሁም። ክዳኖቹን ስንተክል ውሃ በጄሪካን አመላልሶልናል። ከእናቱ ጋር ስንዴው ዳር ተቀምጦ ሲበላ «ነይ ብዪ» ብሎኝ አብሬያቸው በልቻለሁ። ቀጭን፣ ሳቂታ ልጅ ነው። የት እንደሚያድርም ከንግግራቸው መሃል ሰምቻለሁ።

ፈርቼ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። እናቴ ፊቴ ድቅን አለች። የአሰላ ብርድ፣ ቤታችን፣ የራሴ አልጋ መጣብኝ። መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

«ሥራዬ መሬት ማየት ነው» አልኩት። «ስለካ ቀና አልልም። ሰው አላይም።»

«አስቢበት» አለኝ። «ነገ እንገናኛለን።»

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሴቶቹ ምን እንዳሉኝ ጠየቁኝ። አደይ ግን አልጠየቁኝም። ፊቴን አንድ ጊዜ አዩና ነጠላቸውን አጥፈው ከጎናቸው ዘረጉልኝ። ልጃቸውን እንደማውቀው ያውቃሉ። ምን ልጠየቅ እንደምችልም ያውቃሉ። ሆኖም ስለ ስንዴው ነው ያነጋገሩኝ።

«ዛሬም ከዘነበ ታችኛው ማሳ ውሃ ይተኛበታል፣ ጓለይ» አሉ። ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው። «ቦዩን ማን ይከፍተዋል?»

«ጎረቤት አይከፍተውም?»

«ይከፍት ይሆናል።»

ቀትር ላይ ልብስ ሰፊዋ ታመመች። ፀሐይ ወጥታ ቆርቆሮው ሲግል የበርሜሉ ሽታ እጥፍ ሆነ። ሙቀት አሞኒያን እንደሚያስነሳ ለተማሪ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ እንዲህ ዓይኔን እያስለቀሰኝ ግን አይደለም። ደረቷ እንደ ተቀደደ ወናፍ ማፏጨት ጀመረ። ተነስታ ልትቀመጥ ሞከረች። ከንፈሯ ጠቆረ። ሴቶቹ በነጠላቸው ማራገብ ያዙ፤ አየሩ ግን ያው አየር ነው። እኔ በሩን በመዳፌ ደበደብኩ።

የመጣችው ጠባቂ ወጣት ፖሊስ ናት። የበሩን ትንሽ መስኮት ከፍታ አየችን።

«ሓፍተይ» አልኳት፤ እህቴ ማለቴ ነው። «መድኃኒቷ ውጪ ነው። መተንፈስ አልቻለችም።»

«ያለ ትእዛዝ ዕቃ አይወጣም።»

«እንግዲያው በርሜሉን እንድፋው።»

«ጠዋት ነው የሚደፋው።»

ሄደች። ሄዳ ቀረች ብለን ስናስብ ግን ተመልሳ በሩን ከፈተች። በአሮጌ ድስት አመድ ይዛለች። ከወጥ ቤት ነው ያመጣችው፤ ገና ለብ ይላል።

«ይሄን ድፉበት። እኛ ቤት ሽንት ቤቱ ሲሸት እንዲህ ነው የምናደርገው።»

ድስቱን ተቀበልኩ። ለእስረኛ አመድ ማምጣቷ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ማንም አላዘዛትም።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ» አልኳት። «ግን አመድ እዚህ ላይ ይብሳል። ጉድጓድ ላይ ጥሩ ነው። የቆየ ሽንት ላይ ግን ሽታውን ገፍቶ ያወጣዋል። አፈር ነው የሚያስፈልገን። ደረቅ አፈር።»

«አፈር?» ፊቷ ተለወጠ። «እስር ቤት ውስጥ አፈር?»

«አዎ።»

«በክረምት ደረቅ አፈር ከየት ይመጣል?»

ሁሉም ነገር ረጥቧል። ያን ጊዜ አደይ ከተቀመጡበት በትግርኛ ተናገሩ። በእሳቸው ድምፅ ውስጥ ልመናም ቁጣም አልነበረም። ለጎረቤት ልጅ ዕቃ የት እንዳለ እንደሚነግሩ ነበር።

«እንጨት የምታስቀምጡበት ጣሪያ ሥር አይዘንብም፣ ጓለይ። እንጨቱን ገለጥ ብታደርጊው ከሥሩ አፈር አለ።»

ጠባቂዋ ሰፊዋን አየቻት። ድስቱን ከእጄ ቀምታኝ በሩን ዘጋች።

ስትመለስ ስንዴ የሚያዝበትን የፕላስቲክ ጆንያ እስከ ግማሹ አፈር ሞልታ እየጎተተች ነበር። ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አየችና በርሜሉን በአገጯ አመለከተችን። እኔና አደይ በጆሮዎቹ ይዘን አወጣነው። ከአጥሩ ሥር፣ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ደፋነው። ፀሐዩ ዓይኔን አጨለመኝ። ለአፍታ ቆሜ ተነፈስኩ። አደይም ቆመው ተነፈሱ።

ከዚያ በኋላ የሠራነው ማሳ ላይ አብረን ስንሠራ የከረምነውን ነው። በርሜሉ ውስጥ ከታች አፈር አነጠፍን፤ መረሬው ሲደርቅ የሚሆነውን ያንን ፍርክስክስ አፈር። የተረፈውን ከጎኑ ከመርነው። አንድ ሰው በተጠቀመ ቁጥር አንድ እፍኝ ይለብሳል ብለን ለሴቶቹ ነገርናቸው። «ዩሪያውን አፈር አልብሰው» እያልኩ ለገበሬዎች የማሳየውን አደይ በደንብ ይችሉበታል። እንዴት እንደሚበተን ለእያንዳንዷ በእጃቸው አሳዩ። ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿ ትንሽ ሲመለስላት ባዶውን ጆንያ ጠየቀች። መርፌ የለም፣ መቀስ የለም። የጆንያውን አፍ በጥርሷ ተርትራ ክሩን አወጣችና እንደገና በዙሪያው አሾለከችው፤ ሲሳብ የሚጨማደድ ክዳን ሆነ። በርሜሉ አፍ ላይ ልክ ገባ።

«ሳልለካ» አለች እያለከለከች። ከተገናኘን ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ሽታው አልጠፋም። እንደማይጠፋ አውቅ ነበር። ግን ዓይናችን መቃጠሉን ተወ። ወደ ማታ ሰፊዋ በጀርባዋ ተኛች። ፉጨቱ ቀስ እያለ ሄደ። ጠባቂዋ ፈረቃዋን ልትጨርስ ስትል በትንሿ መስኮት አጎንብሳ አሸተተችና ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት የተጠራነው ሁለታችንም ነበርን። ስማችን ሲነገር አደይ «ቆይ» አሉ ለጠባቂው። ወደ እኔ ዞረው የተበታተነ ጸጉሬን በጣታቸው አበጠሩት፣ ከኋላ ጎንጉነው አሰሩት፣ ከሸሚዜ ኮሌታ ላይ የደረቀ ጭቃ በጥፍራቸው ላጡ። የራሳቸውን ነጠላ አስተካከሉ። ጠባቂው ቆሞ ጠበቀን።

መርማሪው ለአደይ ወንበር ሳበላቸው።

«ይቀመጡ፣ አደይ።»

«ቆሜ እሰማለሁ፣ ወደይ።» ልጄ ነው ያሉት።

«ነገሩ አልቋል» አላቸው። እኔን ሳያይ ነው የተናገረው። «ይቺ ልጅ ትናንት ሁሉንም ነግራናለች። ልጅዎ መቼ ማሳው ላይ እንደሚመጣ፣ የት እንደሚያድር። እርስዎ አሁን ቢናገሩ ለእሱም ይሻለዋል።»

አልተናገርኩም ብዬ ልጮህ ፈለግሁ። ብጮህ ደግሞ የምናገረው ነገር እንዳለኝ ማመኔ ነው። የት እንደሚያድር መስማቴን አደይ ያውቃሉ፤ እሳቸው ናቸው በፊቴ የተናገሩት። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ራሴን አላምንም ነበር። አደይ ዞረው አዩኝ። አስተያየታቸው አልከበደኝም። ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ሰማዩን እንደሚያዩት ነበር ያዩኝ። ከዚያ ወደ እሱ ተመለሱ።

«ይቺ ልጅ ውሸት አታውቅም» አሉት። «ነገረችኝ ካልክ እውነቱን ነግራሃለች። አንተም ሰምተሃል። ታዲያ እኔን ምን ልትጠይቀኝ ጠራኸኝ?»

መርማሪው ከፊቱ ያለውን ወረቀት ገለበጠው። ኮሪደሩ ላይ የቆመው ጠባቂ እግሩን ሲቀይር ተሰማኝ።

«ስንዴዬ ውሃ ተኝቶበታል» አሉ አደይ። «ካልፈለግኸኝ ተቀምጬበት ወደነበረው ቦታ መልሰኝ።»

መለሱን። በኮሪደሩ ላይ ስንሄድ እጄን ያዙኝ። መዳፋቸው ሻካራ ነው፣ ሞቃት ነው። አልነገርኩትም ልላቸው አፌን ስከፍት ጨበጥ አደረጉኝ።

«አጆኺ» አሉ፤ አይዞሽ ማለታቸው ነው። «በቃ። አታውሪው።»

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፍቶ አንዲት አዲስ ሴት ገባች። ተማሪ ትመስላለች። ሸሚዟ እጅጌው ላይ ተቀዷል። ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች፤ መግባትም መውጣትም አቅቷት። ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ተነሳች። የተኛችበትን ጨርቅ አጠፈች፣ ግድግዳው ሥር ወስዳ አነጠፈችና ተመልሳ በሩ ሥር ያለውን መሬት በመዳፏ ጠረገችው።

«እዚህ ሁኚ» አለቻት። «ለጊዜው እዚህ አየር ይገባል።»

አደይ ከእኔ በፊት ተፈቱ። እኔም ቆይቼ፣ ለምን እንደተያዝኩ ማንም ሳይነግረኝ፣ እንደመጣሁ ተለቀቅሁ። ውጪ የመጀመሪያው ያደረግሁት ነገር ሓድነት የሚሄድ ሚኒባስ መሳፈር ነበር፤ የሰፊዋን ቤተሰብ ፈልጌ ደህና መሆኗን ነገርኳቸው። እሷም ዛሬ ሱቋ ውስጥ ናት። ማሽኗን በሩ ላይ አድርጋ ትሰፋለች፤ ቢዘንብም ወደ ውስጥ አትገባም። ከዚያች ተማሪ ጋር ዳግም አልተገናኘንም።

አሁንም መቀሌ ነኝ። ለምን አልሄድሽም የሚሉኝ አሉ፤ ቤተሰቦቼ ዛሬም ይሉኛል። ጥሩ መልስ የለኝም። ሥራው አላለቀም እላቸዋለሁ፤ ይህም እውነት ነው። በሚቀጥለው ክረምት ክዳኖቹን እንደገና አደይ ማሳ ላይ ተከልን። ከፋፍለን የሰጠነውና አፈር ያለበስነው ማሳ ከላይ ከተበተነው ያነሰ ጋዝ ነው የሚያወጣው፤ ስንዴውም ጥሩ ነው። ጎረቤቶቻቸውም እየመጡ ያያሉ። ልጃቸው ኋላ ተመልሷል። ቀጭን ነው እንደ ድሮው፤ ሳቁ ግን ቀንሷል። ያንን የመርማሪውን ክፍል ነገር እኔና አደይ አንስተነው አናውቅም። ልጃቸው ያውቅ እንደሆነም አላውቅም።

ውጤቱን ስዕል አድርጌ ለተማሪዎቼ አሳያለሁ። መስመሩ ከክረምት ክረምት ይወጣል፣ ይወርዳል፤ አንድ ክረምት ላይ ተቆርጦ ባዶ ቦታ ይተውና እንደገና ይጀምራል። እንዲህ ያለ ክፍተት በሥራችን ያጋጥማል፤ ከፊቱና ከኋላው ባለው ልኬት ተገምቶ ይሞላል። ስሌቱ የታወቀ ነው። የሥራ ባልደረቦቼም እንድሞላው መከሩኝ። መስመሩ ያምራል፣ ማንም አይጠይቅም አሉኝ።

ባለፈው ሴሚስተር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህርት፣ ይሄኛው ለምን አልተሞላም?»

«የዚያን ክረምት ናሙና አልለካሁም» አልኳት። «ያልለካሁትን ደግሞ አልጽፍም።»

ወደሚቀጥለው ስዕል አለፍን።